የሀገር ዘፈን በማን ጆሮ ይመረጥ?

ኪነ ጥበብ ከኅብረተሰብ ኑሮ ተነጥላ በአየር ላይ የምትንሳፈፍ ነገር አይደለችም። ዘፈን ሲዘፈን የሕዝቡን ሥራና ድካም፣ ፍቅርና ቁጣ፣ ተስፋና ብሶት ተሸክሞ ይወጣል። ይህን እውነት ወላጆቻችን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከኑሮ ያወቁት ነው። ገዢዎች የሀገሩን አዝማሚያ ለመረዳት በሚሹበት ጊዜ «እረኛ ምን አለ?» ብለው ይጠይቁ እንደ ነበር በትውፊት ይነገራል። እረኛ ሹመት የለውም፤ ርስት የለውም፤ ሸንጎ ላይ አይቀርብም። ሆኖም ከብቶቹን እየነዳ የሚያንጎራጉራት ግጥም ሹማምንቱ ከሚያቀርቡት ወሬ ይልቅ የሀገሩን ልብ ታሳይ ነበር። ልብ ሊባል የሚገባው ግን ገዢዎቹ እረኛውን የሚያዳምጡት ሊጠነቀቁት እንጂ ሊታዘዙት አለመሆኑ ነው። ሰፊው ሕዝብ ይዘፍናል፤ የትኛው ዘፈን በአደባባይ እንደሚሰማ የሚወስነው ግን ሌላ እጅ ነበር።

በዛሬው ጽሑፋችን የምናነሣው ጥያቄ ከዚሁ የሚመነጭ ነው። አንድ ሀገር በዓለም አቀፍ የዘፈን ውድድር ላይ የሚወክላትን ዘፈን በምትመርጥበት ጊዜ ማን ይመርጣል? በምን መለኪያ ይመርጣል? ለማንስ ጆሮ ብሎ ይመርጣል? ጉዳዩን ላይ ላዩን ለሚመለከተው የመዝናኛ ጉዳይ ብቻ ሊመስለው ይችላል። ጠለቅ ብሎ ለሚመረምረው ግን የውክልና ጉዳይ ነው፤ የውክልና ጉዳይ ደግሞ የሥልጣን ጉዳይ ነው። ነገሩ የሩቅ ሀገር ወሬም አይደለም። መስከረም 10 ቀን 2018 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 20 ቀን 2025) በሞስኮ አቅራቢያ በተካሄደው የኢንተርቪዥን የዘፈን ውድድር ላይ ሀገራችን ኢትዮጵያ ከተሳታፊዎቹ አንዷ ነበረች። በሩ እንዲህ ከተከፈተ፣ ከሌሎች ሕዝቦች ታሪክ የሚቀሰመውን ትምህርት በንቃት ልንመረምር ይገባል። ለዚህም የፖርቱጋልን ያህል ግልጽ ምሳሌ አናገኝም።

ፖርቱጋል እ.ኤ.አ. ከ1926 እስከ 1974 ለ48 ዓመታት በአምባገነን አገዛዝ ሥር የማቀቀች ሀገር ነበረች። የሳላዛርና እርሱን የተካው የካኤታኖ አገዛዝ የሠራተኛውን በነፃ የመደራጀትና ሥራ የማቆም መብት ነፍጎ፣ የምሥጢር ፖሊስ አሰማርቶ፣ ጋዜጣውንም ቲያትሩንም ዘፈኑንም በሳንሱር መቀስ እየከረከመ ይገዛ ነበር። ከ1961 ጀምሮ በአንጎላ፣ ከዚያም በጊኒ ቢሳውና በሞዛምቢክ የነፃነት ትግል ሲቀጣጠል የራሱን ሀገር ወጣት ገበሬና ሠራተኛ ወደ አፍሪካ እያሻገረ በቅኝ ግዛት ጦርነት ማገደው።

ይኸው አገዛዝ እ.ኤ.አ. በ1964 የፖርቱጋልን ዘፈን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ዩሮቪዥን ላከ። ዩሮቪዥን የአውሮፓ የራዲዮና የቴሌቪዥን ድርጅቶች ኅብረት በ1956 ስዊዘርላንድ ውስጥ በሉጋኖ ከተማ የጀመረው ዓመታዊ ውድድር ነው። የ1964ቱ ውድድር በኮፐንሃገን ሲካሄድ የፖርቱጋሉ ዘፋኝ አንቶኒዮ ካልቫርዮ አንድም ነጥብ ሳያገኝ ቀረ። በዚያው ምሽት አንድ ሰው የስፔኑን ፍራንኮንና የፖርቱጋሉን ሳላዛርን አግልሉ የሚል ጽሑፍ ይዞ ወደ መድረኩ ወጣና ወዲያውኑ እንዲወርድ ተደረገ። የመድረኩ ባለቤቶች ዛሬም ድረስ «ይህ የዘፈን እንጂ የፖለቲካ ቦታ አይደለም» ይላሉ። ነገር ግን ፖለቲካው ወደ አዳራሹ የገባው ጽሑፉን ይዞ በወጣው ሰው አይደለም። የራሱን ሕዝብ አፍ የለጎመ አገዛዝ በሕዝቡ ስም ዘፋኝ በላከ ጊዜ አስቀድሞ ገብቶ ነበር።

የሀገሪቱ ተወካይ የሚለየው የፖርቱጋል የመንግሥት ቴሌቪዥን በሚያዘጋጀው «ፌስቲቫል ዳ ካንሳው» ማለትም የዘፈን ፌስቲቫል በሚባለው ውድድር ነበር። ዘፈኖቹ ከሳንሱር ዓይን ማምለጥ አይችሉም። ይሁን እንጂ ጭቆና ባለበት ሁሉ ሰምና ወርቅ ይወለዳል። የኮሙኒስት ፓርቲ አባል የነበረው ገጣሚ አሪ ዶስ ሳንቶስ ይህን በሚገባ ያውቅ ነበር። በ1969 ሲሞኔ ደ ኦሊቬይራ የተጫወተችው «ዴስፎልያዳ» ግጥሙ የእርሱ ነው። ዴስፎልያዳ መንደርተኛው ተሰብስቦ በቆሎ የሚሸለቅቅበት የጋራ ሥራ ነው፤ በእኛ ዘንድ ደቦ ከምንለው እጅግ የራቀ አይደለም። በ1973 ደግሞ ፈርናንዶ ቶርዶ በዚሁ ገጣሚ ግጥም «ቱራዳ» የተባለውን ዘፈን ይዞ ቀረበ። ሰሙ የኮርማ ፍልሚያ ነው፤ ወርቁ ግን በአጥር ተከልሎ በሕዝብ ላይ የሚቀልደው የገዢዎች ማኅበር ነበር። ሳንሱሩ ሰሙን አየና አሳለፈው፤ አድማጩ ወርቁን ሰማ።

እነዚህ ዘፈኖች በውጭ ዳኞች ዘንድ ያገኙት ደረጃ ምን ነበር? የ1969ኙ ከ16 ሀገሮች 15ኛ ሆነ። የ1973ቱ 10ኛ ሆነ። የውጭ ዳኛ የፖርቱጋልን የታፈነ ትንፋሽ የሚለካበት ሚዛን አልነበረውም። ሊዝበንና ፖርቶ ውስጥ ግን ዘፈኖቹ በሠራተኛው አፍ ይዞሩ ነበር። እንግዲህ ገና ከመጀመሪያው ሁለት ሚዛኖች እንዳሉ እናስተውል፤ አንደኛው ዘፈኑን ለአንድ ምሽት የሚሰማው ጆሮ፣ ሁለተኛው ዘፈኑን በየቀኑ ይዞ የሚኖረው ጆሮ ነው።

አሁን ወደ 1966 ዓ.ም. እንለፍ። የካቲት 28 ቀን 1966 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ማርች 7 ቀን 1974) ለእኛ የማይረሳ ቀን ነው። የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር በሀገራችን ታሪክ የመጀመሪያውን ጠቅላላ የሥራ ማቆም አድማ የጀመረው በዚያ ዕለት ነበር። በዚያው ዕለት ምሽት ሊዝበን ውስጥ በማሪያ ማቶስ ቲያትር ቤት የፖርቱጋል የዘፈን ፌስቲቫል ተካሄደ። በሁለቱ ሀገሮች መካከል ስምምነት አልነበረም፤ አንዱ የሌላውን አያውቅም። ቀኑ የተገጣጠመው በአጋጣሚ ነው። ዘመኑ ግን አንድ ነበር፤ በአዲስ አበባም በሊዝበንም የአሮጌው ሥርዓት ግድግዳ እየተሰነጠቀ ነበርና።

በዚያ ምሽት የተመረጠው ዘፈን የትግል ዘፈን አልነበረም። ርእሱ በእኛ ቋንቋ «ከስንብትም በኋላ» እንደ ማለት ነው፤ ግጥሙ የዦዜ ኒዛ፣ ዜማው የዦዜ ካልቫርዮ፣ ዘፋኙም ፓውሎ ደ ካርቫልዮ ነው። ስለ ተለያዩ ፍቅረኞች የሚናገር ዘፈን በመሆኑ ሳንሱሩ አንዳች እንከን ሊያወጣለት አልቻለም። ከአንድ ወር በኋላ መጋቢት 28 ቀን 1966 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 6 ቀን 1974) በእንግሊዝ ሀገር በብራይተን ከተማ ለውድድር ቀረበ። 17 ሀገሮች ተሳተፉ፤ ከየሀገሩ 10 ዳኞች ድምፅ ሰጡ። የስዊድን ጓድ አባ «ዋተርሉ» በተባለ ዘፈን 24 ድምፅ አግኝቶ አሸነፈ። ፖርቱጋል ከ170 ድምፅ ያገኘችው 3 ብቻ ነበር፤ ከጀርመን፣ ከኖርዌይና ከስዊዘርላንድ ጋር እኩል የመጨረሻውን ቦታ ያዘች። ለንግድ ዓይን ነገሩ እዚህ ላይ አበቃ፤ የማይሸጥ ዘፈን ነበርና።

ለሕዝብ ታሪክ ግን ነገሩ ገና መጀመሩ ነበር። በጦርነቱ የተንገሸገሹት የበታች መኮንኖች «የጦር ኃይሎች ንቅናቄ» በሚል ስም ተደራጅተው አገዛዙን ለመገርሰስ ተዘጋጅተው ነበር። በየጦር ሰፈሩ የሚጠባበቁት ጓዶቻቸው በአንድ ጊዜ እንዲነሡ ማንም የማይጠረጥረው፣ ነገር ግን ሁሉም የሚያውቀው ምልክት አስፈለጋቸው። ሚያዝያ 16 ቀን 1966 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 24 ቀን 1974) ከምሽቱ 4 ሰዓት ከ55 ደቂቃ ሲሆን አንድ የሊዝበን ራዲዮ ጣቢያ «ከስንብትም በኋላ»ን አሰማ። ይህ የመጀመሪያው ምልክት ነበር፤ ተዘጋጁ ማለት ነው። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ሲሆን በሬናሴንሳ ራዲዮ የዜካ አፎንሶ «ግራንዶላ፣ ቪላ ሞሬና» ተሰማ። ይህ ሁለተኛው ምልክት ነበር፤ ተንቀሳቀሱ ማለት ነው። ታንኮቹ ተንቀሳቀሱ። ሲነጋ ሕዝቡ ቤት እንዲቀመጥ የተሰጠውን ማሳሰቢያ ጥሶ ወደ አደባባይ ጎረፈ፤ ወታደሮቹም በጠመንጃቸው አፈሙዝ ላይ ቀይ የካርኔሽን አበባ ሰኩ። የምሥጢር ፖሊሶች በሕዝብ ላይ በተኮሱት ጥይት አራት ሰዎች ሞቱ። የ48 ዓመቱ አገዛዝ ግን በአንድ ቀን ወደቀ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እንጠይቅ። በብራይተን የመጨረሻ የሆነው ዘፈን በሊዝበን የመጀመሪያ የሆነው በምን ምክንያት ነው? ቃላቱ አብዮታዊ ስለ ሆኑ አይደለም። ዳኞች ስላከበሩትም አይደለም። መልሱ አንድ ነው፤ ሁሉም ያውቀው ስለ ነበር ነው። የሀገር አቀፉ ምርጫ ያንን ዘፈን ወደ እያንዳንዱ ቤት፣ ወደ እያንዳንዱ ቡና ቤትና የጦር ሰፈር አስገብቶት ነበር። በዚያ ሰዓት በራዲዮ መሰማቱ ማንንም አያስገርምም፤ ለሚያውቁት ግን ትእዛዝ ነበር። አገዛዙ ቃላትን ሲመዝን የኖረ በመሆኑ የጋራ ዕውቀት ራሱ ኃይል መሆኑን አልተረዳም። ሕዝብ በአንድነት የሚያውቀው ዘፈን የሕዝብ የጋራ ንብረት ነው፤ የጋራ ንብረት ደግሞ በተፈለገ ጊዜ የጋራ መሣሪያ ይሆናል።

ሁለተኛውን ዘፈን ደግሞ እንመልከት። «ግራንዶላ» በማንኛውም ዓለም አቀፍ ውድድር ላይ አልቀረበም። ግራንዶላ በደቡብ ፖርቱጋል በአሌንቴዡ አውራጃ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት፤ አውራጃው በሰፋፊ የባላባት እርሻ ላይ በቀን ሙያተኝነት የሚያድሩ ጭሰኞች አገር ነበር። ዜካ አፎንሶ በ1964 በከተማይቱ በሚገኘው የሠራተኞች የወንድማማችነት የሙዚቃ ማኅበር ተጋብዞ ሄደ። ሠራተኞች ከጉሮሯቸው ቆጥበው ያቋቋሙት ማኅበር ነበር። በዚያ ባየው መተባበር ተመስጦ ዘፈኑን ጻፈ። በ1971 ሲቀረጽ የአሌንቴዡ እርሻ ሠራተኞች ተያይዘው እየተራመዱ በኅብረት የሚዘፍኑትን ስልት ተከተለ፤ በመግቢያው ላይ የሚሰማው ዜማ ሳይሆን የእግር ኮቴ ነው። አብዮቱ ሊፈነዳ አንድ ወር ሳይሞላ በሊዝበን በተካሄደ የሙዚቃ ምሽት ሌሎች በርካታ የአፎንሶ ዘፈኖች ሲከለከሉ ይህ ተፈቀደ፤ ሳንሱሩ የአንዲት ከተማ ውዳሴ መስሎት ነበርና። አዳራሹ ሙሉ ሕዝብ አብሮ ዘመረው።

በዚያች ሌሊት ከተሰሙት ሁለት ዘፈኖች አንደኛው ከመንግሥት ቴሌቪዥን መድረክ፣ ሁለተኛው ከሠራተኞች ማኅበር አዳራሽ የመጡ መሆናቸው በጥብቅ ሊሰመርበት የሚገባ ነው። መድረኩ ዘፈንን ለሁሉም ያደርሳል፤ አዳራሹ ዘፈንን ከሕዝብ ማኅፀን ያወጣል። መድረክ ያለ አዳራሽ ባዶ ጌጥ ነው። አዳራሽ ያለ መድረክ ደግሞ የታፈነ ድምፅ ነው። ዛሬ ፖርቱጋላውያን ሚያዝያ 17ን ሲያከብሩ በጎዳና ላይ በአንድ ድምፅ የሚዘፍኑት ዘፈን ከሠራተኞቹ አዳራሽ የመጣው ነው።

አብዮቱ የውድድሩን መድረክ ወዲያውኑ አልለወጠውም። በማግሥቱ ዓመት በ1975 በስቶክሆልም ፖርቱጋልን የወከለው ዱዋርቴ ሜንዴስ በአብዮቱ የተሳተፈ የጦር ሠራዊት ሻምበል ነበር፤ ዘፈኑም «ንጋት» የሚል ነው። ከ19 ሀገሮች 16ኛ ሆነ። ነገር ግን በዚያው ዓመት ሞዛምቢክና አንጎላ ነፃነታቸውን አወጁ፤ ፖርቱጋላውያንም በግማሽ ምዕት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በነፃ ምርጫ ድምፃቸውን ሰጡ። የስቶክሆልም ዳኞች ለዚህ የሚሰጡት ነጥብ አልነበራቸውም። ለሊዝበን የመርከብ ሠራተኛ ግን የትኛው ውጤት ይበልጥ እንደሚያስደስተው መጠየቅ አያስፈልግም።

«እንግዲያው ደረጃ ዋጋ የለውም፤ ማሸነፍም አያስፈልግም» የሚል ድምዳሜ ላይ መድረስ ግን ስሕተት ነው። ፖርቱጋል ለ53 ዓመታት ስትመላለስበት በነበረው ውድድር እ.ኤ.አ. በ2017 በኪየቭ አሸነፈች። ሳልቫዶር ሶብራል እኅቱ ሉዊዛ ሶብራል የደረሰችለትን ለስለስ ያለ የፍቅር ዘፈን በገዛ ቋንቋው፣ ያለ ርችትና ያለ ጭፈራ ዘፍኖ 758 ነጥብ አገኘ፤ ባለሙያ ዳኞችም ሕዝቡም አንደኛ አደረጉት። የሀገር ውስጥ ምርጫው ግማሹ ከየክልሉ በተውጣጡ ዳኞች፣ ግማሹ በሕዝብ የስልክ ድምፅ የተካሄደ ነበር። ሌሎች ሀገሮች የውጭ ጆሮ ይወደዋል ያሉትን እንግሊዝኛ ሲያሳድዱ፣ የባዕድ ጆሮ የተማረከው በራሱ ቋንቋ በዘፈነው ነው። ይህ ማለት ሁልጊዜ እንዲህ ይሆናል ማለት አይደለም፤ የ1974ቱም በፖርቱጋልኛ ነበርና። ቁም ነገሩ ሌላ ነው። ራሱን ሆኖ የሚሸነፍ ሕዝብ ዘፈኑ በእጁ ይቀራል፤ ሌላውን መስሎ የሚሸነፍ ግን ሁለቱንም ያጣል።

ስለ ቋንቋ ካነሣን አማርኛችንም በዚህ ደጃፍ ላይ የቆመበት ጊዜ እንደ ነበር እናስታውስ። እ.ኤ.አ. በ2020 እስራኤል ለዩሮቪዥን የመረጠችው ዘፈን «ፍቅር ልቤ» የሚል ነበር። ዘፋኟ ኤደን አለነ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች በኢየሩሳሌም የተወለደች ናት፤ በዘፈኑ ውስጥም አማርኛ ከእንግሊዝኛ፣ ከዕብራይስጥና ከዐረብኛ ጋር ተሰምቷል። ዘፈኑ በማርች 3 ተመረጠ፤ በማርች 18 ውድድሩ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ተሰረዘ። በሚቀጥለው ዓመት ይህችው ዘፋኝ በሌላ ዘፈን ቀረበች፤ ዘፈኑ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ነበር፤ ለፍጻሜ ደርሳም 17ኛ ሆነች። ይህን የምናነሣው ዘፋኟን ለመንቀፍ አይደለም፤ ችሎታዋ የተመሰከረለት ነው። ነገር ግን የሰው ዘፈን በሌላ ደጅ ሲቀርብ መጀመሪያ የምትቀነሰው የእናት ቋንቋ መሆኗን ልብ ልንል ይገባል።

ምርጫን ለሕዝብ መስጠት ማለትስ ምን ማለት ነው? የዛሬው የገበያ ዓለም ለዚህ ፈጣን መልስ አለው፤ ስልክ ደውሉ ይላል። በዩሮቪዥን እስከ 2025 ድረስ አንድ ሰው ለወደደው ዘፈን ገንዘብ እየከፈለ እስከ 20 ጊዜ ድምፅ መስጠት ይችል ነበር፤ ከ2026 ውድድር ጀምሮ ወደ 10 እንዲቀነስ ተወስኗል። ሃያም ሆነ ዐሥር፣ ድምፅ በገንዘብ በሚባዛበት ቦታ አንድ ሰው አንድ ድምፅ የሚለው መሠረተ ሐሳብ ይቀራል። ከደመወዙ የተረፈው ሳንቲም ለዳቦ የማይበቃው የጽዳት ሠራተኛና ኪሱ የሞላው ነጋዴ በአንድ ሚዛን ላይ አይቀመጡም። የቡርዣው ዓለም ይህን ነፃ ምርጫ ብሎ ይጠራዋል። እኛ ግን የገበያ ምርጫ እንለዋለን።

በሌላ በኩል ደግሞ መድረክ «የሕዝብ» የሚል ስም ስለ ተሰጠው ብቻ የሕዝብ አይሆንም። የሶሻሊስቱ ጎራ የቴሌቪዥን ድርጅቶችም እ.ኤ.አ. ከ1977 እስከ 1980 በፖላንድ በሶፖት ከተማ የኢንተርቪዥንን ውድድር ያካሂዱ ነበር። የመጨረሻው ውድድር በነሐሴ ወር 1980 ሲካሄድ በአጠገቡ በምትገኘው በግዳንስክ የመርከብ ፋብሪካ ሠራተኞች አድማ ላይ ነበሩ። በሠራተኛው ስም የሚምል መንግሥት ለዘፈን መድረክ ሲያበራ፣ ሠራተኛው ራሱ በፋብሪካው አጥር ውስጥ ሆኖ ነፃ ማኅበር ይጠይቅ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ውድድሩ አልተካሄደም። ትምህርቱ መራራ ነው፤ ነገር ግን ግልጽ ነው። ሠራተኛው ሳይመክርበት ስለ ሠራተኛው የሚዘፈን ዘፈን ከጌጥ አያልፍም።

የእኛም ታሪክ ከዚህ የተለየ አይደለም። በዘውዱ ዘመን ዘፈን በሳንሱር ያልፍ ነበር። ከአብዮቱ በኋላ የቀበሌ ማኅበራት ሲቋቋሙ በየቀበሌው የኪነት ቡድኖች ተመሠረቱ፤ የብዙ ድሀ ልጆች ችሎታ የተገኘውም በእነዚያ ቡድኖች ነበር። ይህ ትልቅ እርምጃ መሆኑን የሚክድ አይኖርም። ሳንሱሩ ግን ወንበሩን አልለቀቀም፤ ግጥሙ ከላይ እየተቃኘ ይወርድ ነበር። መድረክን ወደ ሰፈር ማውረድ አንድ ነገር ነው፤ ምርጫን ለሰፈር መስጠት ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያው ሲደረግ ሁለተኛው ከቀረ፣ እረኛው ወደ ሸንጎ ተጠርቶ የተጻፈለትን እንዲያነብ እንደ ማድረግ ነው።

«ሕዝብ የሙዚቃ ባለሙያ አይደለም፤ ምርጫው ለሚያውቁት ይተው» የሚሉ ወገኖች መኖራቸው አይቀርም። ክርክራቸውን ሙሉ በሙሉ ውድቅ አናደርግም። ዜማን መተንተን፣ ቅንብርን መመዘን፣ ድምፅን መለየት ትምህርትና ልምድ የሚጠይቅ ሙያ ነው። የአናጢን ሥራ አናጢ፣ የሸማኔን ሥራ ሸማኔ ይበልጥ ያውቀዋል። ነገር ግን ሸማው ለማን እንደሚሸመን የሚወስነው ለባሹ እንጂ ሸማኔው አይደለም። ባለሙያ ዘፈኑ በደንብ መሠራቱን ይፍረድ፤ ዘፈኑ የማን እንደ ሆነ ግን ባለቤቱ ይናገር። ሁለቱ ፍርዶች ጎን ለጎን ሊቆሙ እንደሚችሉ ፖርቱጋል አሳይታለች።

ከዚህ በመነሣት ሀገራችን ወደ እንዲህ ዓይነት መድረክ በምትሄድበት ጊዜ ሦስት ጥያቄዎች አስቀድመው ሊመለሱ ይገባል እንላለን።

አንደኛ፤ ዘፈኑ ከመላኩ በፊት ሕዝቡ ሰምቶታል ወይ? ተወካዩን ወካዩ ከሌላ ሰው በኋላ የሚሰማው ከሆነ ውክልናው ስም ብቻ ነው። የእጩ ዘፈኖች በራዲዮና በቴሌቪዥን ቀድመው ይሰሙ፤ ክርክር ይነሣባቸው፤ በየመሥሪያ ቤቱ የምሳ ሰዓት ወሬ ይሁኑ።

ሁለተኛ፤ ዘፈኑ ከየት መጣ? ሀገራችን የብዙ ብሔር ብሔረሰቦች ሀገር ናት፤ የወሎው ቅኝት፣ የወላይታው ጭፈራ፣ የኦሮሞው ገረርሳ፣ የትግራዩ ከበሮ፣ የዶርዜው ኅብረ ድምፅ እያንዳንዱ የራሱ ባለቤት አለው። ምርጫው ከጥቂት የአዲስ አበባ ስቱዲዮዎች በር ላይ የሚጀምር ከሆነ እዚያው ያልቃል። ከየወረዳው፣ ከየፋብሪካው፣ ከየእርሻው የሚነሣ ከሆነ ግን የማይሸነፍ ዘፈን እንኳ ባይገኝ የማይረሳ ዘፈን ይገኛል።

ሦስተኛ፤ ዘፈኑ ሲመለስ ማን ይዘፍነዋል? ዘፋኙ ከውድድሩ ተመልሶ ከአውሮፕላን ሲወርድ ዘፈኑን በሠርግ ቤት፣ በእድር ድንኳን፣ በፋብሪካ በር ላይ የሚያንጎራጉረው ሰው ካለ ምርጫው ትክክል ነበር፤ ደረጃው 1ኛም ይሁን 20ኛ። የሚያንጎራጉረው ከሌለ ግን የወርቅ ዋንጫ ቢመጣም የሰው ዋንጫ ነው። «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» እንዲሉ፣ የራስን ሕዝብ ጆሮ ረስቶ የባዕድን ጆሮ ለማስደሰት መድከም ከዚህ የተለየ ትርጉም የለውም።

ይህ ሁሉ ከላይ በሚወርድ መመሪያ ብቻ የሚፈጸም አይደለም። የግራንዶላ ሠራተኞች የሙዚቃ ማኅበራቸውን ሲያቋቁሙ የማንንም ፈቃድ ደጅ አልጠኑም፤ ከደመወዛቸው አዋጥተው፣ አዳራሻቸውን ጠርገው፣ መሣሪያቸውን ገዝተው ተሰበሰቡ። ከዚያ አዳራሽ የወጣ ዘፈን የአንድ አገዛዝ የመጨረሻ ሌሊት ደወል እንደሚሆን አላወቁም ነበር። ማወቅም አላስፈለጋቸውም። እኛም እድር አለን፤ እቁብ አለን፤ ማኅበር አለን፤ የሠራተኛ ማኅበራት አሉን። ሙታንን በክብር የሚቀብር፣ ለችግረኛ የሚያዋጣ ድርጅት ሕያዋንን የሚያዘፍንበት አቅም አያንሰውም። በየሰፈሩ አንዲት ክፍል፣ አንድ ክራርና አንድ ከበሮ፣ በሳምንት አንድ ምሽት ቢገኝ ወጣቱ ከመጠጥ ቤት ደጃፍ የሚርቅበት፣ አረጋውያን የሚያውቁትን ዜማ የሚያስተላልፉበት፣ ሠራተኛው ስለ ኑሮው የሚናገርበት ትምህርት ቤት ይሆናል።

ስለሆነም የምርጫው ጥያቄ ከውድድሩ ምሽት እጅግ ይቀድማል። የሀገርን ዘፈን የሚመርጥ ጆሮ በአንድ ቀን አይፈጠርም፤ በማኅበር ያድጋል፤ በክርክር ይሳላል፤ በነፃነት ይጸናል። ሕዝብ የራሱን ዘፈን ለይቶ የሚያውቅበት ሀገር የውጭ ዳኛ 3 ድምፅ ቢሰጠው አይደነግጥም፤ 758 ቢሰጠውም ልቡ አያብጥም። ከእንግዲህ «እረኛ ምን አለ?» የሚለው ጥያቄ ገዢ ስለ ተገዢ የሚጠይቀው የሥለላ ጥያቄ መሆኑ ሊያበቃ ይገባል። እረኛው ዘፈኑን ይዝፈን፤ ሠራተኛው ይቀበለው፤ ሰፈሩ ይምረጠው፤ ሀገርም የመረጠውን ዘፈን ራሱን ቀና አድርጎ ወደ ዓለም ይላክ!